የጠመኔው ቀስት

በልጅ ልጄ ላይ የደረሰውን በደል አስቀድሜ ልናገር። አንድ ዓመት ሙሉ ከዓሣ ቆዳ ጋር ታግላ የሠራችውን የመመረቂያ ሥራ ትምህርት ቤቷ ውሃ ውስጥ ሞከረውና፣ የጻፍሽው ቁጥር ሁሉ ከራስሽ ያመጣሽው ነው አሏት። በሰው ፊት ውሸታም አደረጓት። ቁጥሮቹ ሲለኩ ግን አጠገቧ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ክሩን የለቀቅኩት፣ የትኛው ቀደመ የሚለውን የፈረድኩት እኔ ነኝ። እሷ ዋሽታ ከሆነ እኔም ዋሽቻለሁ ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ አልዋሸሁም።

መርካቶ ጨርቅ ተራ ውስጥ ከፋይ እሸጥ ነበር። ካባ የሚያሰፋ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጥላ የሚገዛ፣ ልጁን የሚድር ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ከፋይ እንደ ሌላው ጨርቅ አይደለም። ፀጉር አለው፣ ፀጉሩም ወደ አንድ ፊት ይተኛል። በተኛበት በኩል እጅ ሲያሳልፉበት እንደ ቅቤ ይሄዳል፤ በተቃራኒው ሲያሳልፉበት እጅ ይይዛል፣ ቀለሙም ይለወጣል። ይህን የማያውቅ ሰፊ የአንዱን ካባ ግራና ቀኝ ሁለት ዓይነት ቀለም አድርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ከመቁረጤ በፊት እጄን አሳልፋለሁ፤ ፀጉሩ ወደየት እንደተኛ ሳውቅ ጀርባው ላይ በጠመኔ ቀስት እሠራለሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት በረንዳው ላይ የሚሠራው ልብስ ሰፊ ቀስቱን ብቻ አይቶ ይሰፋል። ሃያ ዓመት አብረን ስንሠራ ስለዚያ ቀስት አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

የልጅ ልጄ ያደገችው እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። እናቷ አረብ አገር ስትሄድ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ጠዋት ተክለ ሃይማኖት ካለው ቤታችን ይዣት እወጣለሁ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መሃል አስቀምጣታለሁ፣ ሲመሽ ይዣት እገባለሁ። ኋላ ትምህርቷ ገፋና ቴክኖሎጂ ገባች። ያን ጊዜ ደግሞ ስለ ፈጠራ ሥራ የማይወራበት ቦታ አልነበረም። የቀበሌ ስብሰባ ቢሄዱ ፈጠራ፣ ሬዲዮ ቢከፍቱ ፈጠራ። እኔ ብዙ የሚወራለትን ነገር አላምንም። ስለዚህ አንድ ቀን ሱቅ መጥታ የመመረቂያ ሥራዬን በዓሣ ቆዳ ላይ ልሠራ ነው ስትለኝ፣ መምህሮቿ ሊቀልዱባት ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

አስረዳችኝ። ውሃ ውስጥ የሚሄደውን ነገር ሁሉ ውሃው ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ጀልባ ነዳጁን የሚጨርሰው ከዚህ ጉተታ ጋር ሲታገል ነው። ዓሣ ግን ቅርፊቱ የተደረደረበት መንገድ ከውሃው ጋር ስለሚስማማ በትንሽ ጉልበት ይሄዳል። ውጭ አገር የሻርክን ቆዳ እያዩ ለመርከብ ሆድ የሚሆን ልባስ እየሠሩ ነው አለችኝ።

«ሻርክ ከየት ልታመጪ ነው?»

«ሻርክ ምን ያደርግልኛል፣ እማ፣ የእኛው ዓሣ ቆሮሶ አለ አይደል?»

ጀልባስ የት አለና አልኳት። ዝዋይ፣ ጣና፣ አባያ ብላ ቆጠረችልኝ። የጣና ጀልባ ነዳጅ ቢቆጥብ ለእኛ ሠፈር ምኑ ነው ብዬ በሆዴ አሰብኩ።

የዓሣ ቆዳ ቤታችን ገባ። ከዓሣ ሻጭ እየለመነች በፌስታል ይዛ ትመጣለች። የሠፈሩ ድመት ሁሉ በራችን ላይ ሰልፍ ያዘ። ጊዜው ሁዳዴ ስለነበር ጎረቤቶቼ ምን እንዳሰቡ ከዓይናቸው አነበብኩት። ልብስ ሰፊውም ወሬው ደርሶት፣ «እትዬ፣ ከፋዩን ትተው ዓሣ ቤት ሊከፍቱ ነው አሉ፤ ለእኔ አሮስቶ ቢሆን ይሻላል» ይለኛል። ልከለክላትም አስቤ ነበር።

ያልከለከልኳት በአንድ እሑድ ምክንያት ነው። ቆዳውን ጣውላ ላይ ወጥራ በምስማር መታችውና፣ እማ፣ እጅሽን ስጪኝ አለችኝ። ከራሱ ወደ ጭራው አሳለፍኩ፤ ሄደ። ከጭራው ወደ ራሱ መለስኩ፤ ቅርፊቱ ጣቴን ያዘው።

«ይሄማ ከፋይ ነው» አልኳት።

ሳቀች፣ ደብተሯንም አውጥታ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ገባኝ፤ ስለገባኝም መጠርጠር ቻልኩ።

ቆዳው ስለሚበሰብስ ቅርጹን በጀሶ ወሰደች። በጀሶው ላይ መስታወት ገጣሚዎች የሚጠቀሙበትን ሲሊኮን በስሱ ቀባችበት፤ እንዳይቀደድ ደግሞ ከጀርባው የሱቄን ገበር ለጠፈችበት። ሲደርቅ ስትልጠው ስስ ላስቲክ ሆኖ ወጣ። ብርሃን ላይ ሲይዙት ቅርፊት በቅርፊት ላይ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተደርድሮ ይታያል። ይህ እስኪሳካ ስንቱ ተበላሸ። አረፋ የገባበት፣ ከጀሶው ጋር ተጣብቆ የቀረ፣ ሲላጥ የተሰነጠቀ። ጀሶውም የጣቶቿን ጫፍ አድርቆ ሰነጣጠቀው።

ለሙከራ ሁለት አሸንዳ ገዛን፤ ለቤት ጣሪያ የሚሆነውን ማለቴ ነው። ጫፍና ጫፋቸውን ደፍነን፣ ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ጎን ለጎን አጋድመን ውሃ ሞላናቸው። አናጢ ሁለት ትናንሽ የእንጨት ጀልባ ጠርቦልን ነበር። እኩል መሆናቸውን ለማወቅ በርበሬ በረንዳ ወስጄ በደንበኛዬ ሚዛን አስመዘንኳቸው፤ ለሳምንት በርበሬ በርበሬ ሸተቱ። በአንደኛው ሆድ ላይ ባለቅርፊቱን፣ በሌላው ላይ ቅርፊት የሌለውን ልሙጥ ላስቲክ ለጠፈች። ክር ታሰረላቸው፤ ክሩ ከአሸንዳው ጫፍ በልብስ ሰፊው ባዶ ማጠንጠኛ ላይ ያልፍና ጫፉ ላይ የሱቄ በር ቁልፍ ይንጠለጠላል። ሁለት አንድ ዓይነት ቁልፍ ነበረኝ። ቁልፉ ሲወርድ ጀልባው ይሄዳል።

ባለቅርፊቱ ቀደመ። አራት ጣት ያህል።

ቀድመሽ ለቅቀሽው ነው አልኳት። ሁለቱንም ክር ራሴ ያዝኩና ራሴ ለቀቅኩ። አሁንም ቀደመ። ቁልፎቹ እኩል አይደሉም አልኩ። መርካቶ ውስጥ ሚዛን ሲጠረጠር ዕቃውን ወደ ድንጋዩ ሳህን፣ ድንጋዩን ወደ ዕቃው ሳህን እናዛውራለን፤ ሚዛኑ የሚዋሽ ከሆነ ያኔ ይጋለጣል። እኔም ቁልፎቹን አለዋወጥኩ፣ ቀጥሎ አሸንዳዎቹን አለዋወጥኩ፣ ቀጥሎ ማጠንጠኛዎቹን። ባለቅርፊቱ አንዳንዴ በሦስት ጣት፣ አንዳንዴ በአምስት ጣት እየቀደመ ገባ። የልጅ ልጄ ሰዓቷን ይዛ ትለካለች፣ ትጽፋለች። ውሃውን እንኳ ቀይሬ አይቻለሁ። ልጠረጥረው የምችለው ነገር ሲያልቅብኝ አመንኩ።

ትምህርት ቤቷ በዚህ አይበቃውም። ሥራው በላቦራቶሪው ረጅም የውሃ ገንዳ ውስጥ መሞከር አለበት፤ ተማሪዋ ግን እጇን አታስገባም። ላስቲኩን ታስረክባለች፣ የላቦራቶሪው ሠራተኛ በራሳቸው ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ፣ ከልሙጥ ላስቲክ ጋር እያወዳደረ ይጎትተዋል። ይህን ደንብ ስትነግረኝ ደስ አለኝ። የሚፈረድበት ሰው ከሚዛኑ ራቅ ቢል ጥሩ ነው።

ለማስረከብ የሠራቻቸውን አሥር ባለቅርፊት ላስቲኮች የሱቄ ባንኮኒ ላይ ደረደረችልኝ። ፊቱን ምልክት አድርጊልኝ፣ የእኔ ጣት ደንዝዟል አለችኝ። አንድ በአንድ ጣቴን አሳልፌ ምልክት አደረግኩ፤ ጠመኔው ከእጄ አይጠፋም። ከዚያ አብረን ሄደን አስረከብን። የተቀበለን ሰው ቀጭን ነው፣ ሰማያዊ ጋወኑ ታጥቦ ታጥቦ ነጥቷል። አሥሩን ቆጠረ። ከዚህ ሁለቱን ለመጠባበቂያ አስቀምጣለሁ አለ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት፤ የመጀመሪያው ቢበላሽ ብሎ መለሰ። አላማረኝም። ቁጥሩን በልቤ ያዝኩ።

ውጤቱ በተነገረ ቀን የልጅ ልጄ በቀጥታ ወደ ሱቅ መጣች። ልብስ ሰፊው ማሽኑን አቁሞ ይጠብቃል።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ፈጠራ ነው አሉኝ።»

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ልብስ ሰፊው ተነስቶ ለጎረቤት ሱቅ ነገረ፣ እሱ ለቀጣዩ፤ እንኳን ደስ አለሽ የሚል ሰው ከየበሩ ብቅ አለ። እሷ ግን እዚያው እንደቆመች ናት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «እማ፣ የፈጠራ ሥራ ነው አላሉኝም። ፈጥረሽ ነው የጻፍሽው ነው ያሉኝ» አለችኝ።

በገንዳው ውስጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ ነው የወጣው። ባለቅርፊቱ ከልሙጡ ብሶ ተጎተተ። ፈታኙ መምህር የእሷን ቁጥር በአንድ እጁ፣ የላቦራቶሪውን ቁጥር በሌላው ይዞ፣ በጓደኞቿ ፊት ይህ ስህተት አይደለም፣ ፈጠራ ነው አላት። እስከ ሰኔ መጨረሻ አሳማኝ መልስ ካላመጣች ዓመቱን ትደግማለች፣ የምትደግምበትም ምክንያት በፋይሏ ላይ ይሰፍራል። ዓመቱስ ይደገማል፤ በፋይል ላይ የገባ ቃል ግን በየሄደችበት ይከተላታል። ያቃጠለኝ ያ ነው።

ከዚያ ወዲያ የማልጠረጥረው ሰው አልነበረም። የአንዱ ጓደኛዋ አባት ትልቅ ባለሥልጣን ነው ስትል ሰምቻለሁ፤ ለዚያ ልጅ ሲሉ ነው አልኩ። አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪ ቡድናቸው መሪ ምን እያለ እንደሚያወራባት ጠየቅኳት። ከሁሉ በላይ ግን የላቦራቶሪውን ሰው ጠረጠርኩ። ሁለቱን ላስቲክ የት አደረሰው? ልሙጡን ባለቅርፊት ነው ብሎ ቢያስገባስ ማን ያውቅበታል?

በዚያው ሳምንት መርካቶ ውስጥ አየሁት። የልጅ ልጄ ሲሊኮን ከምትገዛበት ሱቅ ሁለት ቱቦ ሲሊኮን ይዞ ወጣ። ይኸው፣ ራሱ ሊሠራው ነው አልኩና ሱቄን ለልብስ ሰፊው አደራ ሰጥቼ ተከተልኩት። በበርበሬ በረንዳ አቋርጦ ሲሄድ በነጠላዬ አፍንጫዬን ሸፍኜ ተከተልኩ፤ ማስነጠሱ ግን አልቀረልኝም። እህል በረንዳ ስንደርስ የጤፍ ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች «ጀርባ! ጀርባ!» እያሉ መሃላችን ገቡ። ሲያልፉ፣ ዞሮ እኔኑ እየጠበቀኝ ነው።

«እናቴ፣ የፈለጉት ነገር አለ?»

«ሲሊኮኑ ለምንህ ነው?»

ሰውዬው ወደ ቱቦው አየ፣ ወደ እኔም አየ። ከዚያ የት እንደሚያውቀኝ ትዝ አለው መሰለኝ ፊቱ ተለወጠ። ገንዳው ያፈሳል አለኝ። ይገዛልኝ ብሎ ቢጽፍ ወረቀቱ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ዓመት ስለሚፈጅ ከኪሱ ነው የገዛው። አላመንኩትም፤ አለማመኔንም አልደበቅኩትም። የልጄን ሥራ ምን እንዳደረግከው ሳላይ አልተውህም አልኩት።

«ይምጡና ይዩ» አለኝ። «ማንም መጥቶ አይቶልኝ አያውቅም።»

በማግስቱ ከልጅ ልጄ ጋር ሄድኩ። ገንዳው ከክፍሉ ጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል፣ አንድ ጎኑ መስታወት ነው። በመስታወቱ መጋጠሚያ ላይ አዲስ ነጭ የሲሊኮን መስመር አየሁ። በዚህስ እውነቱን ነው አልኩ። በአንዱ እውነት የተናገረ ሰው በሌላው አይዋሽም ማለት ግን አይደለም። ሁለቱ መጠባበቂያ ላስቲኮች መሳቢያ ውስጥ በወረቀት ተጠቅልለው አሉ፤ ቆጠርኳቸው። ሰሌዳውን አምጣ አልኩት። አመጣው።

በየት በኩል ነው የሚሄደው ብዬ ጠየቅኩት፤ የፊቱን ጫፍ አሳየኝ። እጄን በነጠላዬ አድርቄ ከፊቱ ወደ ኋላው አሳለፍኩ። ያዘኝ። ዓሣውን በጭራው አስቀድመው ሲጎትቱት ከርመዋል።

«ገልብጠህ ነው የለጠፍከው» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ በኮሪደሩ የሚያልፉ ተማሪዎች ቆሙ። ሳምንቱን ሙሉ በሆዴ የያዝኩትን ሁሉ ነገርኩት፤ ዓይንህን ጨፍነህ ነው እንዴ የምትሠራው፣ የሰው ልጅ ዓመት በእጅህ ላይ እያለ፣ እያልኩ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የላስቲኩን ጥግ በጥፍሩ ቀስ አድርጎ አላቀቀና ጀርባውን አዞረልኝ።

«ይሄው ቀስቱ፣ እናቴ። ወደፊት ነው የሚያሳየው። በቀስቱ ነው የለጠፍኩት።»

ጠመኔው የእኔ ነበር። ፀጉሩ ወደተኛበት፣ እጅ እንደ ቅቤ ወደሚሄድበት የሠራሁት ቀስት። የእኔ ቀስት እጅህ በዚህ ይሂድ ይላል። እሱ ደግሞ ሰሌዳው በዚህ ይሂድ ብሎ አነበበው።

የልጅ ልጄን አየኋት። ገብቷታል። እሷም ያን ዕለት ባንኮኒዬ ላይ ቀስቱን አይታ ያለፈችው እዚያ ሱቅ ስላደገች ነው፤ ለእሷም ያ ቀስት ሌላ ትርጉም ኖሮት አያውቅም። ፊቷን ወደ ገንዳው አዞረች። ሱቅ ክፍት ትቼ መጥቻለሁ ብዬ ወጣሁ። ሱቁን ዘግቼ ነበር የመጣሁት።

ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ይህን መጻፍ አይቀለኝም፤ ግን በደል ሲቆጠር የራስን ዘሎ አይሆንም። ዝም ብል ልጅቷ ትድናለች ብዬ አሰብኩ። ገልብጠው ሞከሩት ማለት ይበቃል፤ ማን ገለበጠው ቢባል የለጠፈው ሰው አለ። የኮንትራት ሠራተኛ መሆኑን፣ በትንሽ ጥፋት እንደሚሰናበትም ልጅቷ ነግራኛለች። በተማሪዎች ፊት የጮኽኩትም እሱ ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ራሴን መጠርጠር ጀመርኩ። ምናልባት ቀስቱን ወዲያ አልሠራሁት ይሆን፣ ምናልባት እሱ አጥፍቶ እንደገና ጽፎት ይሆን እያልኩ። የራሴን ጠመኔ የማላውቅ ይመስል።

በሦስተኛው ቀን አንድ ቁራጭ ከፋይ አነሳሁ፣ ጀርባው ላይ ቀስት ሠራሁና ልብስ ሰፊውን ይሄ ምን ይልሃል አልኩት።

«ፀጉሩ ወዲያ ተኝቷል ይላላ። እትዬ፣ ዛሬ ደህና አይደሉም እንዴ?»

በሱቄ በር ላይ አንድ ተሸካሚ ጣቃ አውርዶ ላቡን እየጠረገ ነበር። ለእሱም አሳየሁት። ትከሻውን እያሻሸ አየውና፣ «በዚህ ሂድ ነው የሚለው» አለኝ። ሌላ ነገር ሊል አይችልም ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «እናቴ፣ ቀስት ሌላ ምን ይላል?»

ከፋዩን ይዤ ሄድኩ። የልጅ ልጄ እኔ ልንገራቸው፣ ምልክቱ የእኔ ነው እላለሁ ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ሌላ ሐሰት ጨምረሽ ልትድኚ ነው ወይ አልኳት። የላቦራቶሪውን ሰው ይዤ ፈታኙ መምህር ቢሮ ገባሁ። ሁሉንም ተናገርኩ፦ ምልክቱ የእኔ ነው፣ ይህ ሰው ያገኘውን ምልክት ነው የተከተለው፣ የጮኽኩበት ያለ ጥፋቱ ነው። ከፋዩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እጁን እንዲያሳልፍበት ጠየቅኩት። አሳለፈ፣ መለሰ፣ እንደገና አሳለፈ። ፊቱ ግን አልተፈታም።

«እናቴ፣ አይቀየሙኝና፣ ልጅዎን ለማዳን የመጡ ይመስለኛል» አለኝ።

«ይጠርጥሩ፣ መምህር። እኔም ብሆን እጠረጥራለሁ። ገልብጣችሁ ጎትቱትና እዩት።»

ሰሌዳው አንዴ ተሞክሯል፣ ደንብ አለ ማለት ጀመረ። የላቦራቶሪው ሰው በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ገንዳው ውሃ እንደያዘ ነው፣ መጠባበቂያዎቹም አሉኝ፣ ብዙ ጊዜ አይፈጅም አለ። ያኔ ተጠንቅቆ ያስቀመጠው ሁለት ላስቲክ ምን ያህል እንደጠቀመን አየሁ፤ እኔ ግን በሆዴ ሌባ ብዬው ነበር።

ሲለጥፍ፣ በየት በኩል ላድርገው ብሎ ጣቴን ጠየቀ። መምህሩ ፈገግ እንኳ አላለም፤ እጁን አጣምሮ ከአጠገባችን አልራቀም። በሁለቱም ፊት ይጎተት አለ፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ልለው የነበረው እሱን ነው። ተጎተተ። ተገለበጠ፣ ተጎተተ። እኔ ከመሣሪያው ላይ የሚነበበውን አላውቅም። የላቦራቶሪው ሰው ጻፈና ደብተሩን ወደ መምህሩ አዞረ። መምህሩ አነበበ፣ መነጽሩን አውልቆ እንደገና አነበበ። ደግመህ ጎትት አለው። ደገመ። የልጅ ልጄ መስኮቱ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች።

ምን አያችሁ ብዬ ጠየቅኩ። በአንድ ሰው አይወሰንም፣ ኮሚቴ አለ፣ መልሱን እናሳውቃለን ተባልኩ። ኮሚቴ የሚባለውን ነገር በቀበሌም አይቼዋለሁ፤ የሚጠፋ ነገር የሚቀመጥበት መሳቢያ ነው። ስለዚህ አልተውኳቸውም። በየሁለት ቀኑ ሱቄን ለልብስ ሰፊው እየተውኩ ሄድኩ። ዘበኛው ከሦስተኛው ቀን በኋላ መታወቂያ መጠየቁን ተወ። አንድ ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አንድ ጊዜ ጸሐፊዋ የለችም፣ አንድ ጊዜ ወረቀቱ ፊርማ ይቀረዋል። ከኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ እጠረጥራለሁ። የላቦራቶሪው ሰው አንድ ሁለቴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ገንዳው ማፍሰሱን አቆመ አለኝ።

ሰኔ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው መምህሩ ራሱ በሩን ከፍቶ ግቡ አለን፤ የልጅ ልጄንም፣ የላቦራቶሪውንም ሰው። እኔ ሳልቀመጥ የምፈልገውን ነገርኩት። ያ ቃል ከፋይሏ ይውጣ። ይህ ሠራተኛ ጥፋተኛ ተብሎ አይጻፍ። ጥፋቱ የእኔ ነው ተብሎ የሚጻፍ ከሆነ ይጻፍ፣ እፈርማለሁ። በሰው ፊት ውሸታም ያላችኋት ግን በሰው ፊት ትመልሱላታላችሁ ወይ?

መምህሩ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ልጅቷ እያየ ነው የመለሰልኝ።

«ጉተታው ቀንሷል። እሷ የጻፈችውን ያህል አይደለም፣ ግን ቀንሷል። አልዋሸችም። ሰኞ በእነዚያው ተማሪዎች ፊት ሥራዋን ታቀርባለች፤ መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። ቀስቱን የሠሩት እርስዎ ነዎት፣ እናቴ፤ ቀስቱ ምን ማለት ነው ብለን ልጅቷን ሳንጠይቅ የፈረድነው ግን እኛ ነን። እንደዚያው ጽፈነዋል።»